የእናቴ ፍንጭት

እናቴ ያን ሰሞን በየጠዋቱ ደም ትተፋ ነበር። ሳንባዋን አሟት አይደለም፤ ጥርሷን ስትፍቅ ነው። ከቧንቧው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ትልና መፋቂያዋን ታኝካለች፣ ትፍቃለች፣ ትተፋለች፣ የተፋችውን ደግሞ በጫማዋ ጫፍ አፈር ታለብሰዋለች። እኔ መጥረጊያ ይዤ ከኋላዋ ስደርስ አፈሩ ቀልቶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ክው ብዬ ቀረሁ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም። እንጨቱ ነው አለችኝ፤ የዘንድሮ ወይራ ደረቅ ስለሆነ ይቧጭራል።

እሺ፣ እንጨቱ ነው። ወይራው ተጣለና በምትኩ ችፍርግ መጣ፤ እሱ ለስላሳ ነው ተባለ። ደሙ ግን አልቀረም። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የሙቀቱ ሆነ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ደም ያፈላል፣ የፈላ ደም መውጫ ይፈልጋል፣ መጥፎ ደም ስለሆነ ቢወጣ ይሻላል አለች። ይህን የምትለኝ እኔ ጣቴን ቢላ ሲነካኝ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ናት። ከገዛ አፏ በየቀኑ ደም ሲወጣ ግን ጤና ነው። ኧረ በፈጣሪ፣ ከዚህች ሴት ጋር እንዴት ነው የሚኖረው?

እኔና እናቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ የሚባለውን ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ እንነግዳለን። አባቴ ካረፈ በኋላ መደብሩን የያዝነው ሁለታችን ነን። ገበሬው ከቀወት ገጠሮችም ከጀውሃ በኩልም ማሾውን ጭኖ ይመጣል፤ እኛ እንገዛዋለን፣ አጠራቅመን አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ እንልካለን። የማሾ ነገር ደግሞ መድረቁ ላይ ነው። ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከገባ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ አበቃለት። መድረቁን የምትለየው እናቴ ናት፣ በጥርሷ። ከጆንያው መሃል እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ ጥቂት ፍሬ ታወጣና አንዷን በፊት ጥርሶቿ ይዛ ትነክሳታለች። ቀጭ ካለች ደረቅ ናት። ድምፅ ሳታሰማ ከተጨፈለቀች ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ ይመለሳል፣ እንደገና ፀሐይ ላይ ያሰጣል።

በዚህ የሚከራከራት የለም። ከቆላው መንደር የሚመጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ገበሬ አሉ፤ እሳቸው እንዲያውም እሷ ካልነከሰችላቸው አይሸጡም። ሚዛን ይዋሻል፣ የእትዬ ጥርስ ግን ወላሂ ዋሽቶ አያውቅም ይላሉ። እኔ የምመዝነው እሷ ከነከሰች በኋላ ነው። ስለዚህ የፊት ጥርሷ ቢወድቅ የሚወድቀው ጥርስ ብቻ አይደለም፤ እኔን ያስጨነቀኝ ይኼ ነበር። የጥርሱ ባለቤት ግን እኔ ስጨነቅ እያየች ትስቃለች።

ደግሞ የምትመካበት ነገር አላት። እናቴ ድዷ የተነቀሰ ነው። ልጅ ሳለች ድዷ ደማ ተብሎ፣ ያምርባታልም ተብሎ፣ በመርፌ ተወግታ ጥላሸት ገብቶበታል። ጥቁር ነው፣ ጥርሷ ከሱ ላይ ነጭ ብሎ ይታያል፣ በእውነት ያምራል። ታዲያ በእሷ ቤት የተነቀሰ ድድ ከዚያ ወዲያ አይታመምም። ክትባት የተከተበች ይመስላታል። የእኔ ድድ ያልተነቀሰ ስለሆነ ለራሴ እንዳስብ ትመክረኛለች።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ስለ ድድ ሕመም ያነበብኩትን ይዤ ቀረብኳት። የታመመ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል ይላል። በይ አፍሽን ክፈቺ ብዬ የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ። ምን ልይ? ጥቁር ነው። ላዩም ጥቁር፣ ታቹም ጥቁር። አብጦ እንደሆነ እንኳን ያ ጥቁረት አላስለይ አለኝ። አፏን እንደከፈተች፣ ቃላቱ እየተድበሰበሱ፣ የት አለ ቀዩ አለችኝ። እኔ ሞኝ ደግሞ ቀይ የለም አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ድዷ ባነሳሁ ቁጥር አይተሽዋል አይደል እያለች አፌን ታስይዘኛለች።

የአፏን ጠረን ግን ስልክም አያስፈልገውም ነበር። ለእናት ይህን እንዴት ይነግሯታል? እኔ ባልነግራትም እሷ ሳታውቀው አልቀረችም፤ ቅርንፉድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መዞር ጀመረች። ገበሬ ሲቀርባት አንዷን ወርውራ ታኝካለች፣ ስታወራ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ብጠይቃት ጾሙ ነው አለች። ጾሙ ተፈታ፣ ጠረኑ አልተፈታም፤ ያኔ ደግሞ ጨጓራዬ ነው አለች። እህ አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ምን በወጣኝ፣ ለእያንዳንዷ ነገር መልስ አላት።

ቀጥሎ ጥርሶቿ ረዘሙ። እውነቴን ነው፣ ረዘሙ። ድዷ ወደ ላይ ሸሽቶ የጥርሷ ስር ብቅ ብሎ ይታያል፤ ከንቅሳቱ በታች ቢጫማ ነገር። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ይኼስ ምንድን ነው ስላት ዕድሜ ነው አለች፤ ሰው ሲያረጅ ያጥራል፣ የእኔ ጥርስ ግን እያደገ ነው ብላ ከት ብላ ሳቀች። አንጀቴን አሳረረችው። የምትሸሸኝ በሳቅ ነው፤ ከሚስቅ ሰው ጋር ደግሞ መጣላት አይቻልም።

ከሁሉም የባሰብኝ ግን አምና የመጣው ነው። ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቿ መሃል ለመሃል ይከፈቱ ጀመር። መጀመሪያ ክር የምታሳልፍ ክፍተት ነበረች፤ እያደር ሰፋች። እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፣ ፍንጭት ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ጎረቤታችን ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ናት መጀመሪያ ያየችው። ምነው እትዬ በስተርጅና ፍንጭት አወጡሳ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ ብላ ሠፈሩን ሰበሰበችው። የመጣ ሁሉ ፈገግ በይ ይላታል። ፈገግ ትላለች። ያምርብሻል ይላታል። ቀልቧ ይጠፋል።

ጀውሃ የዘመድ ሠርግ ነበር በዚያው ሰሞን፤ እዚያ ደግሞ አይነሳ። ሴቶቹ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን እያዞሩ ያይዋታል፣ ሚዜዎቹ እንኳን እማማ በልጅነትዎ ስንቱን አቃጥለው ይሆን እያሉ ይቀልዱባታል። ከዚያ በፊት ፎቶ ሲነሳ ከንፈሯን ገጥማ እንደ ምስክር የምትቆም ሴት ያን ቀን ጥርሷን ገልጣ አልበቃ አላት። እኔም ስልኬን ይዤ አንሺኝ ባለችኝ ቁጥር አነሳኋት። አዲስ ነጠላ ገዛች፣ ፀጉሯን መሠራት ጀመረች። ስለ ደሙ ስጀምርላት አሁንማ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሰው ሁሉ አማረብሽ እያላት እኔ ብቻ ታመሻል ብላት ማንን ትሰማለች?

ጉዱ የወጣው በማሾው ነው። የአዲስ አበባው ነጋዴ ደወለና ወረደብን። የላክነው ማሾ ግማሹ ሞቆ ሻግቷል። በስንት ዓመት ንግዳችን ሰምተነው የማናውቀው ነገር ነው። እኔ አልተቀበልኩትም፤ እናቴ ነክሳዋለች፣ ቀጭ ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ መንገድ ላይ ዝናብ አግኝቶት ነው ብዬ ተሟገትኩላት። ስልኩን ዘግቼ መደብሩን ልጠርግ ገባሁ። እናቴ የምትቀመጥበት ዱካ ስር የለመድኩት ለሁለት የተሰነጠቀ ማሾ ነው፤ ነክሳ የተፋችው። ያን ቀን የጠረግኩትን ልብ ብዬ ሳየው ግን ሙሉ ሙሉ ፍሬ ነበር። አንድም የተሰነጠቀ የለበትም። ምራቋ እንኳን ገና አልደረቀም።

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ ታዲያ ከየት መጣ? ፍሬዎቹን በመዳፌ ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁና ፊቷ ዘረገፍኳቸው። አንድ ጊዜ እነሱን አየች፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ከዚያ ምላሷን ከትናጋዋ ላይ አጣብቃ አላቀቀችው፣ ቀጭ። ቁርጥ ማሾ። ያን ሁሉ ገበያ በምላሷ ስታጨበጭብልን ኖራለች። ገበሬውንም፣ እኔንም፣ ነጋዴውንም። ለምን ብዬ ጮህኩ፤ አዎ፣ ጮህኩ። ጥርሴ ይነቃነቃል አለች፣ ቀስ ብላ። ጣቴን ይዛ አስነካችኝ። በጣቴ ስገፋው እሺ ብሎ ሄደ፣ ተመልሶም መጣ።

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩ። ወይ ፍንክች። ሐኪም የሚያውቀው መንቀል ነው፣ ጥርሴ ከተነቀለ ገበሬው በምን ያምነኛል አለች። አሁንስ በምን እያመነሽ ነው፣ በምላስሽ? ብላት ተኮሳተረች። ዝም ካልኳት ሳምንት ይበቃታል፣ ራሷ ትመጣለች ብዬ ተውኳት። ራሷማ መላ አመጣች። ከገበያ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ አንዲት የማላውቃት ባልቴት ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ መሃላቸው በሳህን የተበጠበጠ ጥላሸትና በክር የታሰረ መርፌ አለ። ድዷን እንደገና ልትነቅሳት ነው። ንቅሳቱ ስለላላ ነው ጥርሱ የተነቃነቀው ተባለ፤ እንደገና ሲወጋ ድዱ ይጠብቃል፣ ጥርሱን ጨምድዶ ይይዛል።

የዚያን ጊዜ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። ባልቴቷ ምንም አላጠፋችም፣ ተጠርታ ነው የመጣችው፤ ግን እሷንም አልማርኳት። ሳህኑን አንስቼ ከቧንቧው ስር ደፋሁት። እናቴን ደግሞ ወይ ነገ ከእኔ ጋር ደብረ ብርሃን ትወጫለሽ፣ ወይ ለእነዚያ ሽማግሌ ገበሬ በምላስሽ ስታታልያቸው እንደነበር እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። እሳቸውን ትፈራቸዋለች፤ መፍራት ሳይሆን ታከብራቸዋለች። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ።

በሚኒባሱ ስንወጣ ደብረ ሲና ላይ ብርዱ ተቀበለን። መስኮት ዝጉ ብትል ማን ሰምቷት፤ ነፋሱ ጥርሷን ሲነካው እያቃሰተች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አላዘንኩላትም። ከጎኗ ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ፤ እንጨቱ ነው አልሽ፣ ሙቀቱ ነው አልሽ፣ ጾሙ ነው አልሽ፣ ዕድሜ ነው አልሽ፣ ምን የቀረ ነገር አለ እያልኩ። አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር እባክሽ እህቴ ተያቸው አለኝ። ለሱም መልስ ሰጠሁት።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት። እማማ ይቀመጡ ብላ ወንበሩን አስተካከለችላት፣ ስኳር በሽታ ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀች፣ መረመረች፣ የለባትም። ከዚያ የድዷን ቀለም አየት አድርጋ ተወችው። ንቅሳት ያለበትን ድድ በዓይን ብቻ አምኜ አላውቅም አለች። በቀጭን ብረት ድዷን በጥርሷ ዙሪያ ዳሰሰችው። ብረቱ ጥርሱና ድዱ መካከል ገባ፣ ገባ፣ መግባት የሌለበት ቦታ ድረስ ገባ፤ በገባበት ሁሉ ደም ወጣ። ራጅ አነሳችና ጥርሱን የያዘው አጥንት ምን ያህል እንደተበላ አሳየችን። የሚያም ነገር ስላልሆነ ሰው ዝም ይለዋል አለች። ምግብ ጥርስ ላይ ሲቆይ ይጠጥራል፣ ከድዱ ስር ይገባል፣ ድዱ ይቆስላል፣ ቁስሉ አጥንቱን ይበላል። መጀመሪያ የሚታየው ደሙ ነው፤ እንጨቱ ለስላሳ ቢሆንም ባይሆንም ጤነኛ ድድ በየቀኑ አይደማም።

እኔ በየቃሏ እናቴን በክርኔ እነካታለሁ። ሰማሽ? እናቴ ጣሪያውን ታያለች።

ሌሎቹ ጥርሶች እስከ ስራቸው ከተጠረጉና ከተያዙ ይተርፋሉ አለች ሐኪሟ። የማሾውን ነገር ብነግራት እሱንም በጎን ጥርሷ ልትነክስ ትችላለች አለች። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ግን አይተርፉም፤ የሚይዛቸው አጥንት የለም፣ ዛሬ ቢወጡ ይሻላል፣ ቁስሉም ወደ ሌላው አይዛመትም። ከዚያ ይቺ ክፍተት መቼ ነው የመጣችው ብላ ጠየቀችኝ። አምና አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጥርስ በዚህ ዕድሜ ቦታ የሚለቀው ስሩ ሲላላ ነው፤ ያኔ ብትመጡ ኖሮ ምናልባት እነዚህንም እናቆያቸው ነበር አለች።

ደሜ ፈላ። ወደ እናቴ ዞርኩና፣ ሐኪሟ እዚያው ቆማ፣ «ሰማሽ እማዬ? አምና! ሰው ሁሉ አገጭሽን ይዞ ሲያይሽ፣ አንቺ ጥርስሽን ገልጠሽ ፎቶ ስትነሺ!» አልኩ።

እናቴ ተቃንታ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«አውቄዋለሁ» አለችኝ። «ጥርስ በስተርጅና ፍንጭት እንደማያወጣ የሚጠፋኝ ይመስልሻል? ሲላወስ ምላሴ ያውቀው ነበር።»

«ታዲያ ምን ነክቶሽ ነው ዝም ያልሽው? ገበሬው እንዳይሄድብሽ?»

«የገበሬውን ያልኩሽ ለሰበብ ነው» አለች። «አባትሽ ካረፈ ወዲህ ቆንጆ ነሽ ያለኝ ሰው አልነበረም ልጄ። ሰው እኔን ሲያይ ሚዛኑን፣ ጆንያውን ነው የሚያየው። ይቺ ስትመጣ ፊቴን ማየት ጀመሩ። ትንሽ ልቆይባት ብዬ ነው።»

ከሮቢት ጀምሮ ተሸክሜው የወጣሁት ወቀሳ ገና ግማሹ አላለቀም ነበር። እዚያው ተውኩት። እሷ አጠገብ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳን እማዬ ታምሪያለሽ ያልኳት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ሐኪሟ ወደ መሣሪያዋ ዞር ብላ የሌለ ነገር ታስተካክል ጀመር። እናቴ ግን እኔን መጠበቅ ትታ ወደሷ ዞረች።

«ልጄ፣ መስታወት አለሽ?» አለቻት።

ሐኪሟ እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት ሰጠቻት። እናቴ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገች፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ከዚያ መስታወቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ጥርሷን ገልጣ ሳቀች። ለማንም ሳይሆን ለራሷ ነው የሳቀችው። ሐኪሟም አላስቸኮለቻት፣ እኔም። ስትጨርስ መስታወቱን ለእኔ አቀበለችኝና ለሐኪሟ አፏን ከፈተች።